መርዝ የጠጣ ዕቃ በመታጠብ አይጠራም

በጎንደር አራዳም ሆነ በሌላ ከተማ፥ ባዶ ጀሪካን የማይገኝበት ቤት የለም ማለት ይቻላል። እንስራ በትከሻ ይዞት የነበረውን ሥራ ዛሬ የሚሠራው ጀሪካን ነው። አንዳንድ ሰው ግን ቀድሞ ምን እንደ ተያዘበት ሳይጠይቅ ጀሪካኑን ይገዛል፤ በአመድና በሳሙና ያጥበዋል፤ አሽትቶም ሽታ ካላገኘበት የመጠጥ ውሃ ይቀዳበታል። የተባይ ወይም የአረም መርዝ የነበረበት እንደ ሆነ ግን አጠባው ቤተ ሰቡን ከጉዳት አያድንም። ምክንያቱን ከዚህ ቀጥለን እናስረዳለን።

ፕላስቲክ ለዓይን ድፍን ይምሰል እንጂ፥ እንደ ተዘበራረቀ ክር እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ ረዣዥም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ክምችት ነው። ሊቃውንት ይህን የመሰለውን ነገር ፖሊመር ይሉታል። ብዙው ጀሪካን የሚሠራበት ፖሊኤቲሊን በ1933 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የተገኘ ሲሆን፥ ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠራ ስለ ሆነ ጠባዩ ለላምባ የቀረበ ነው። ስለዚህ ውሃን አያስገባም፤ ላምባንና በላምባ መሰል ፈሳሽ የተበጠበጠ መርዝን ግን ይቀበላል። ፈሳሹ በመጀመሪያ የዕቃውን ገጽ ያርሳል፤ ቀጥሎ በፖሊመሩ ውስጥ ይሟሟል፤ ከዚያም በሰንሰለቶቹ መካከል እየሾለከ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ሙቀት ሲበዛና ጊዜ ሲረዝም የሚገባውም ይበዛል።

ይህ ነገር ለአገራችን ባልትና ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ሲታጠን ጢሱ በሸክላው ቀዳዳዎች ይገባል፤ ኋላም መዓዛው ከጠላው ጋር ይወጣል። ሸክላው የሚይዘው በቀዳዳው፥ ፕላስቲኩ የሚይዘው በማሟሟት ቢሆንም፥ ዕቃ የጠጣውን መልሶ መስጠቱ አንድ ነው። ሳሙና የሚያነሣው በገጹ ላይ ያለውን ብቻ ነው። በግድግዳው ውስጥ የቀረው መርዝ ግን ቀስ በቀስ ወደ ውሃው፥ ይልቁንም ወደ ዘይቱ ይመለሳል።

መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ማሳየት ይችላሉ። ከአሮጌ ካላማዳሪያ ሁለት እኩል ቁራጮች ተቆርጠው፥ አንዱ በውሃ፥ ሌላው በላምባ ተነክሮ፥ ከእሳት ርቆና ተከድኖ ይደር። በማግሥቱ ላምባ ውስጥ ያደረው አብጦ ይገኛል፤ በሳሙና ቢታጠብም ሽታው ቶሎ አይለቅም።

ጓንቲና ቦት ጫማም ከፖሊመር የተሠሩ ናቸው። ፈሳሹን ይዘው ወደ ቆዳ እንዳይደርስ ያዘገዩታል፤ ነገር ግን መከላከላቸው ልክ አለው። በአሜሪካ የዳርትማውዝ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት ካረን ዌተርሃን በ1996 እ.ኤ.አ. ጥቂት የዲሜቲል ሜርኩሪ ጠብታ በጓንቲያቸው ላይ ፈሰሰባቸው። መርዙ ጓንቲው ሳይቀደድ አልፎ ሰውነታቸው ውስጥ ገባ፤ በ1997 እ.ኤ.አ. ሞቱ። በኋላ በተደረገው ምርመራ ፈሳሹ እንዲህ ያለውን ጓንቲ በ15 ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ እንደሚያልፍ ታወቀ።

በአገራችን 2,4-ዲ ለጤፍና ለስንዴ አረም፥ ማላታይን ለተባይ ማጥፊያ በሰፊው ይሠራባቸዋል። ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን።

1ኛ/ መርዝ የተያዘበት ጀሪካን ለውሃ፥ ለዘይት፥ ለጠላም ሆነ ለእህል ከቶ አይዋል፤ ሽታ ማጣቱ ለንጽሕናው ምስክር አይሆንም።

2ኛ/ ዕቃው ባዶ እንደ ሆነ ወዲያው ሦስት ጊዜ ይለቅለቅ፤ እጣቢው በመርጫው ውስጥ ይጨመር እንጂ ወደ ወንዝ አይደፋ፤ ሌላ ሰው እንዳይገለገልበትም ይበሳ። በቤት አጠገብ ግን አይቃጠል።

3ኛ/ ጓንቲ በመርዙ ዕቃ ላይ በተጻፈው መመሪያ መሠረት ይመረጥ፤ ያበጠ፥ የለሰለሰ ወይም የተሰነጠቀ ይወገድ።

4ኛ/ ታሪኩ ያልታወቀ ጀሪካን ለመጠጥ ውሃ አይገዛ።

የአንድ ጀሪካን ዋጋ ከቤተ ሰብ ጤና ጋር አይመዛዘንም። አንባቢዎቻችን ይህን ማንበብ ለማይችሉት ጎረቤቶቻቸው ጭምር እንዲያስረዱልን አደራ እንላለን።