ስለ ቺካጎ የብርሃን ፊቶች

በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ፣ ከሚሺጋን ጎዳና ዳር፣ ሚሌኒየም ፓርክ በሚባለው መናፈሻ ውስጥ ሁለት የመስተዋት ማማዎች ፊት ለፊት ቆመው ይገኛሉ። እያንዳንዳቸው 50 ጫማ፣ ማለት ከ15 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ከፍታ አላቸው። በመካከላቸው 70 ሜትር ያህል ርዝመትና 15 ሜትር ያህል ስፋት ያለው በጥቁር ግራናይት የተነጠፈ ሜዳ ተዘርግቷል፤ በላዩ የሚንሸራተተው ውሃ ቁርጭምጭሚት እንኳ የማይደርስ እጅግ ስስ ነው። በማማዎቹ ገጽ ላይ የሰው ፊት በብርሃን ተሥሎ ይታያል። ፊቱ ያያል፤ ዐይኑን ይጨፍናል፤ መልሶ ይገልጣል፤ በመጨረሻም ከንፈሩን አሞጥሙጦ ከአፉ ውሃ ይተፋል። የሥራው ስም ክራውን ፋውንቴን ይባላል። ለማየት የሚከፈል ገንዘብ የለም፤ ትኬት የሚቆርጥ ሰውም አይቆምም።

ይህን ሥራ ለጥናት የመረጥነው ስለ ትልቅነቱ አይደለም። ከዚህ የሚበልጥ የኤሌክትሪክ ማስታወቂያ በየትልልቁ ከተማ ሞልቷል። የመረጥነው በቋንቋችን «ነጻ» የሚለው ቃል ሁለት ፍቺ ስላለው ነው፤ አንደኛው ዋጋ የማይጠየቅበት ማለት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከልካይ የሌለበት ማለት ነው። በዚህ መናፈሻ የፊተኛው ነጻነት ጸንቶ ሲቆይ ሁለተኛው ግን ተፈትኗል። አስቀድመን የማማዎቹን አሠራር ካስረዳን በኋላ ወደዚሁ ነገር እንመለሳለን። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቦታው ራሱ የቆየ ክርክር ያለበት ነው። በ1836 ከተማው ገና ሲቆረቆር መሬቱን የሸነሸኑት ሹማምንት በሐይቁ ዳር ያለው መሬት የሕዝብ እንዲሆን፣ ለዘወትር ክፍት ሆኖ ሕንፃ እንዳይሠራበት በካርታው ላይ ጻፉ። ዳሩ ግን በካርታ ላይ የተጻፈ ቃል ጠባቂ ከሌለው አይጸናም። ሞንትጎመሪ ዋርድ የሚባል፣ ዕቃ በፖስታ እየላከ በመሸጥ የከበረ ነጋዴ፣ ከ1890 ጀምሮ ሃያ ዓመት ያህል ከሕንፃ ሠሪዎች ጋር ተሟገተ፤ የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ፈረደለት። የዛሬው ግራንት ፓርክ ሜዳ ሆኖ የተረፈው በዚህ ሙግት ነው። ይሁን እንጂ የሰሜን ምዕራቡ ማዕዘን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የባቡር ሐዲድና የመኪና ማቆሚያ ነበር። ሚሌኒየም ፓርክ የተሠራው በሐዲዱና በመኪና ማቆሚያው ላይ ጣሪያ በማልበስ ነው። ጎብኚው መሬት የሚረግጥ ይመስለዋል እንጂ የሚረግጠው የጋራዥ ጣሪያ ነው። በስሙ እንደሚታወቀው ለ2000 ታስቦ ነበር፤ የተከፈተው ግን በሐምሌ ወር 2004 ነው። መጀመሪያ 150 ሚሊዮን ዶላር ይበቃል የተባለው ወጪም 475 ሚሊዮን ያህል ደረሰ። ስለዚህ ጉዳይ የቺካጎ ሰዎች ብዙ ስለ ተከራከሩበት እኛ የምንጨምረው የለም።

ከመናፈሻው ሥራዎች ውስጥ የፏፏቴውን ወጪ በከፊል የቻለው ክራውን የሚባለው የከተማው ባለጸጋ ቤተሰብ ነው። ከ17 ሚሊዮኑ ዶላር 10 ሚሊዮኑን ሰጠ። ቤተሰቡ ሐሳብ እንዲያቀርቡለት ከጋበዛቸው ሰዎች መካከል በ1955 በባርሴሎና የተወለደው ቀራፂ ዣውሜ ፕሌንሳ ተመረጠ። የፕሌንሳ ሐሳብ ከአሮጌ ነገር የተነሣ ነው። በአውሮፓ የጥንት አብያተ ክርስቲያናት ጣሪያ ጠርዝ ላይ የዝናሙን ውሃ በአፋቸው የሚያፈሱ የአውሬ ምስሎች አሉ። ይህ ዓይነቱ ጥበብ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በአክሱም በአንበሳ ራስ አምሳል የተቀረጹ የውሃ መውረጃ ድንጋዮች ተገኝተዋል። ፕሌንሳ ያደረገው አውሬውን አንሥቶ በምትኩ የከተማውን ሰው ማስቀመጥ ነው። በየአደባባዩ የሚቆመው ሐውልት የጄኔራል ወይም የባለሥልጣን ሆኖ ሳለ፣ እዚህ ግን ስሙ የማይታወቅ የመንገድ ሰው 15 ሜትር ሆኖ ይታያል። የእኛ አስተያየት የሥራው ዋና ቁም ነገር ይህ ነው የሚል ነው፤ ውሃው የሚጨምረው ደስታ ነው።

ፊቶቹ የተነሡት በቺካጎ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎችና መምህራን እጅ ነው። ከልዩ ልዩ የማኅበራዊ ኑሮ፣ የጎሣና የሃይማኖት ማኅበሮች የተላኩ አንድ ሺህ ያህል የከተማው ነዋሪዎች ተራ በተራ በካሜራ ፊት ተቀመጡ። የተቀመጡበትም ወንበር የጥርስ ሐኪም ወንበር ነው። ነገሩ ቢያስቅም ምክንያት አለው። ውሃው የሚወጣበት ቧንቧ በማማው ላይ የማይነቃነቅ ስለሆነ የሁሉም ሰው አፍ በዚያው ነጥብ ላይ መዋል አለበት። ረጅሙንም አጭሩንም ከፍ ዝቅ አድርጎ በአንድ ልክ ለማስቀመጥ የሚመች ወንበር ደግሞ የጥርስ ሐኪሙ ነው። በእያንዳንዱ ሰው ላይ የሚታየው ጊዜ አምስት ደቂቃ ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ አራቱ ደቂቃ የተገኘው 40 ሴኮንድ የሚሆነውን ፊልም ፍጥነቱን ወደ ሲሶ ዝቅ በማድረግና አንድ ጊዜ ወደ ፊት አንድ ጊዜ ወደ ኋላ በማስኬድ ነው። ስለዚህ ዐይን ሲርገበገብ ወይም ጉንጭ ሲንቀሳቀስ እንደ ትንፋሽ በዝግታ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ከንፈሩ ይሞጠሞጣል፤ ውሃው ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይተፋል፤ ፊቱ ፈገግ ብሎ ይጠፋል። ቀጥሎ የሚመጣው ማን እንደሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ ጎብኚ የለም።

ሁሉም ፊቶች የሚያዩት በቀጥታ ወደ ፊት ነው። የአገራችንን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ አንድ ነገር ሳያስታውስ አይቀርም። በእኛ ሠዓልያን ሥርዓት ጻድቃን በሁለት ዐይን፣ በሙሉ ፊት ይሣላሉ፤ ኃጥኣንና ሰይጣናት ግን በጎን፣ በአንድ ዐይን ይሣላሉ። የባርሴሎናው ሰው ይህን አስቦ አደረገው አንልም። ሆኖም በዚያ ጥቁር ሜዳ ላይ ቆሞ ከሁለት ወገን በሁለት ሁለት ዐይን የታየ ሐበሻ ጎብኚ ሳይወድ በግድ ቀና ብሎ ይቆማል።

አሁን ወደ ብርሃኑ እንሂድ። ማማዎቹ እርስ በርስ በሚተያዩበት ገጻቸው፣ ከመስተዋቱ ጡብ በስተኋላ፣ ኤል ኢ ዲ የሚባሉ ጥቃቅን መብራቶች ረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል። እነዚህ መብራቶች እንደ ቀድሞው አምፑል ሽቦ አግለው አያበሩም። ኤሌክትሪክ በተለየ ጠጣር ነገር ውስጥ ሲያልፍ ኤሌክትሮኖቹ ከፍ ካለው የኃይል ደረጃ ወደ ዝቅተኛው ይወርዳሉ፤ ሲወርዱም የተረፈውን ኃይል ብርሃን አድርገው ይለቁታል። የብርሃኑን ቀለም የሚወስነው በሁለቱ ደረጃዎች መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን ቀይ፣ ትልቅ ሲሆን ሰማያዊ ይሆናል። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መብራቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው የእያንዳንዳቸው ጥንካሬ ሲለዋወጥ ዐይናችን ከሦስቱ ድብልቅ የጠይሙንም የቀዩንም ሰው የቆዳ መልክ ያገኛል።

ይህ ቀላል ቢመስልም ብዙ ዘመን የጠየቀ ነገር ነው። ቀዩ ኤል ኢ ዲ በ1962 ተሠርቶ ነበር። ደማቁ ሰማያዊ ግን እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሳይገኝ ቆየ፤ ይህን ያስገኙት ሦስት የጃፓን ተወላጆች፣ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ፣ በ2014 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። ሰማያዊው ሳይገኝ የሰው ፊት በእውነተኛ መልኩ በእነዚህ መብራቶች ሊታይ አይችልም ነበር። እንግዲህ ማማዎቹ ከተሠሩበት ጊዜ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ ይህ ሐሳብ ለአንድ ቀራፂ ቢመጣለት በወረቀት ላይ ይቀር ነበር።

መስተዋቱም የራሱ ችግር ነበረው። ተራ መስተዋት በውስጡ ባለው የብረት ቅንጣት ምክንያት ወፈር ሲል ወደ አረንጓዴ ያደላል። (የመስኮት መስተዋትን በጠርዙ በኩል ያየ ሰው ይህን ያውቃል።) በእንዲህ ያለ ጡብ ውስጥ ያለፈ ፊት የታመመ ሰው ፊት ይመስል ነበር። ስለዚህ ብረቱ የተቀነሰለት ነጭ መስተዋት ተመርጦ ጡቦቹ በእጅ እየፈሰሱ ተሠሩ። ጡቦቹን የያዛቸው ከማይዝግ ብረት የተሠራ መረብ ነው። ጡቡ ሌላም ጥቅም ይሰጣል። መብራቶቹ ራቁታቸውን ቢሆኑ ዐይን የሚወጉ ነጠብጣቦች ሆነው ይታዩ ነበር፤ ጡቡ ግን ብርሃኑን አለስልሶ ያዋህደዋል። ወደ ማማው እጅግ የቀረበ ሰው ፊቱን አያይም፤ የሚያየው ውሃ የሚወርድበት ባለ ቀለም ግድግዳ ነው። ሃያና ሠላሳ እርምጃ ወደ ኋላ ሲል ግድግዳው ሰው ይሆናል። ሊጎበኝ የሚሄድ ሁሉ ይህን መቅረብና መራቅ ደጋግሞ እንዲሞክረው እንመክራለን።

ውሃው ከአፍ ብቻ ሳይሆን ከማማዎቹ ጫፍም በጎኖቻቸው ይወርዳል። በግራናይቱ ላይ ከተንሸራተተ በኋላ ወደ ታች ወርዶ በፓምፕ እንደገና ይመለሳል። ይህ የሚሆነው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው፤ በብርዱ ወራት ውሃው ይቆምና ብርሃኑ ብቻ ይቀራል። በሙቀቱ ወራት ሜዳውን የሚይዙት ሕፃናት ናቸው። ከንፈሩ መሞጥሞጥ ሲጀምር ከያሉበት እየጮኹ ይሮጡና ከአፉ ሥር ይሰበሰባሉ። ለጥምቀት በጃንሜዳ ጠበል ሲረጭ የሚጋፋውን ሕዝብ ያየ ሰው ይህን ትርምስ በቀላሉ ሊገምተው ይችላል። አዋቂዎቹ መጀመሪያ ዳር ቆመው ይስቃሉ፤ ጥቂት ቆይቶ ጫማ የሚያወልቅ አይጠፋም። አንዳንድ ሰዎች ይህን ሁሉ ተመልክተው «ይህ መጫወቻ እንጂ ኪነ ጥበብ አይደለም» ይሉ ይሆናል። ሕፃን ሊነካው የማይፈቀድለት ነገር ብቻ ኪነ ጥበብ ነው ያለ ማን እንደሆነ ግን አናውቅም።

የሚሻለው የመጎብኛ ሰዓት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። በቀትር ፊቶቹ ቢታዩም የፈዘዙ ናቸው። ሲመሽ ግን ጥቁሩ ግራናይት እንደ መስተዋት ሆኖ ሁለቱን ፊቶች ገልብጦ ያሳያል፤ የሌሎቹም ጎኖች መብራት ቀለሙን እየለዋወጠ ይደምቃል። በመካከል የቆመው ሰው አራት ፊት ያያል፤ ሁለቱ ላይ፣ ሁለቱ ከእግሩ ሥር።

ከላይ ወደ ጀመርነው ነገር እንመለስ። በ2006 መጨረሻ ላይ በማማዎቹ አናት የጥበቃ ካሜራዎች ተተክለው ተገኙ። ሕዝቡ ይህን ሲያይ ተቆጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ካሜራዎቹ ወረዱ። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ልብ ሊባል ይገባዋል። በከተማው ውስጥ ካሜራ አዲስ ነገር አልነበረም። ሕዝቡን ያስቆጣው ቦታው ነው። የጎረቤቱን ፊት ሊያይ የመጣ ሰው፣ ከዚያ ፊት ጀርባ ሌላ ዐይን እንደሚያየው ሲያውቅ የተታለለ መሰለው። ብርሃኑ የሰጠውን እምነት ካሜራው ወሰደበት ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ፈተና ከዚህ የከበደ ነው። በግንቦት ወር 2022 አንድ የ16 ዓመት ልጅ በመናፈሻው ውስጥ በጥይት ተመትቶ ሞተ። በማግሥቱ የከተማው ከንቲባ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሁሉ፣ አዋቂ አብሮት ከሌለ፣ ከሐሙስ እስከ እሑድ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ወደ መናፈሻው እንዳይገባ አዘዙ። ልጅ በሞተበት ቦታ ጥበቃ አይጠበቅ የሚል የለም፤ እኛም አንልም። ሁለት ነገር ግን ሳንናገር ልናልፍ አንችልም። አንደኛ፣ የ1836ቱ ሹማምንት በካርታው ላይ ሲጽፉ ዕድሜ አልለዩም። ሁለተኛ፣ አዋቂ ይዞ መምጣት የሚችለው ወላጁ በምሽት ከሥራ ነጻ የሆነለት ልጅ ነው፤ አባቱ ወይም እናቱ የምሽት ፈረቃ የሚሠሩበት ልጅ ከደጅ ይቀራል። ትኬት ባይኖርም ዋጋ አለው ማለት ነው፤ ዋጋውም ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በድኻው ላይ ነው።

በሰኔ ወር በቺካጎ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እንግዲህ በዚያ ትእዛዝ መሠረት በእነዚያ ቀኖች ብቻውን የመጣ የ15 ዓመት ልጅ ፊቶቹን በፀሐይ ፈዝዘው ካየ በኋላ፣ ማማዎቹ ሊደምቁ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲቀራቸው ተነሥቶ ወደ ቤቱ መሄድ ነበረበት።