ሦስቱ የእንፋሎት መስመሮች

ወደ ላይ ክፍት የሆነ ክብ መስመርና ከመካከሉ እየተጥመለመሉ የሚወጡ ሦስት የእንፋሎት መስመሮች ያሉበትን ምልክት በእጅ ስልካችሁ ላይ ሳታዩት አልቀራችሁም። ብዙዎቻችን ትኩስ ሾርባ የቀረበበት ሳህን ይመስለናል። ጃፓኖች ግን ሲያዩት የሚያስቡት «ኦንሰን»ን፣ ማለትም ፍል ውኃን ነው።

ለመሆኑ ምልክቱ ከየት መጣ? ከሁሉም ጥንታዊ ነው የሚባለው ከቶኪዮ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በጉንማ ክፍለ ሀገር፣ ኢሶቤ ከተባለው የፍል ውኃ ስፍራ ጋር የተያያዘው ነው። እ.ኤ.አ. በ1661 የሁለት መንደር ገበሬዎች በመሬት ይገባኛል ተካሰሱ። ጉዳያቸውን የተመለከተው የሾጉኖቹ መንግሥት ፍርዱን በጽሑፍ ሲሰጥ ካርታ አያይዞ ነበር። በካርታው ላይ ፍል ውኃው የሚገኝበትን ቦታ ለማመልከት የዛሬውን የሚመስል ምልክት በሁለት ስፍራ ተስሏል። እንግዲህ ምልክቱን ለዛሬ ያቆየልን የጎረቤታሞች ሙግት ነው ማለት ነው።

በኪዩሹ ደሴት የሚገኙት የቤፑ ከተማ ሰዎች ደግሞ ምልክቱን የፈጠረው የከተማችን ሰው አቡራያ ኩማሃቺ ነው ይላሉ። አቡራያ ቤፑን ለጎብኚዎች በማስተዋወቅ ስሙ የገነነ ነጋዴ ነበር። ይሁን እንጂ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1863፣ ማለትም ከኢሶቤው ካርታ 202 ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ምልክቱን አስፋፋው ቢባል እንጂ ፈጠረው ለማለት ያስቸግራል።

እ.ኤ.አ. በ2016 በምልክቱ ላይ ሌላ ክርክር ተነሣ። ለ2020 ታስቦ በ2021 ለተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ዝግጅት ሲደረግ፣ የጃፓን የኢኮኖሚ፣ የንግድና የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር «የውጭ አገር እንግዶች ምግብ ቤት ይመስላቸዋል» በማለት በእንፋሎቱ ሥር ሦስት ሰዎች ሲታጠቡ በሚያሳየው ዓለም አቀፍ ምልክት ሊተካው አሰበ። የፍል ውኃ አካባቢ ነዋሪዎችና የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች ግን ተቃወሙ። ለእነርሱ ምልክቱ ከአባቶቻቸው የወረሱት የአገራቸው መታወቂያ ነበር።

አስተያየት ሲሰበሰብ የውጭ ሰዎች አዲሱ፣ ጃፓኖች ደግሞ ነባሩ ይበልጥ ይገባናል አሉ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለቱም እንዲሠሩ፣ ምርጫውም ለየባለቤቱ እንዲተው ተወሰነ።

ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር አለ። ለባለቤቱ ግልጽ የሆነ ነገር ለእንግዳው እንቆቅልሽ ሊሆን ይችላል። እንግዳን ለማስተናገድ ግን የግድ የራስን መጣል አያስፈልግም፤ ከጎኑ ማስረዳት ይበቃል።