ከቡናው የቀረችው እናት

ደባርቅ ላይ ብርዱ ሲጠና ሰው እሳት ዳር ይሰበሰባል፤ ጎረቤት ለቡና ይጠራራል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ የምታሳድግ እናት ግን መጀመሪያ አቦሉን ጠጥታ ቶናው ሳይደርስ ትነሣለች፤ እያደር ጭራሹን ትቀራለች። ልጇ የሙቀጫ ድምፅ አይችልም፤ ጆሮውን በመዳፉ ደፍኖ ይጮኻል። በዚያ ላይ «ምን ነክቶት ነው?» የሚል ሹክሹክታ አለ።

ብቸኝነቱና የመንከባከቡ ጭንቀት ጤናዋን ይነካል።

እ.ኤ.አ. በ2004 ተመራማሪዋ ኤሊሳ ኤፔል፣ ኋላ የኖቤል ተሸላሚ ከሆነችው ኤልሳቤጥ ብላክበርንና ከባልደረቦቻቸው ጋር የ58 እናቶችን ደም መረመሩ፤ 39ኙ ለረጅም ጊዜ የታመመ ልጅ ያስታምሙ ነበር። ያዩት ቴሎሜርን ነው። ነጠላ እንዳይተረተር ጫፉ እንደሚቋጭ ሁሉ፣ የክሮሞዞምን ጫፍ የሚጠብቀው ቴሎሜር ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ያጥራል። የማስታመሙ ዓመት የበዛባቸው እናቶች ቴሎሜር አጥሮ ተገኘ፤ ጭንቀት በርትቶብናል ያሉትም እንዲሁ። ኦቲዝም በሽታ አይደለም። እንቅልፍ ማጣቱና ዓይንን ከልጅ አለመንቀሉ ግን ያው ነው።

ኀፍረትና ወቀሳም አለ። በ2016 በታተመ ጥናት አዲስ አበባ በሚገኙ ሁለት ክሊኒኮች 102 ተንከባካቢዎች ተጠይቀው፣ ግማሽ የሚጠጉት በልጁ ሁኔታ እናፍራለን ብለዋል፤ ከሩብ በላይ የሚሆኑት ሊደብቁት ይጥራሉ። እኛ ዘንድ እርግማን ይባላል፤ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሐኪሞች ሳይቀሩ «ፍቅር የነፈገች እናት ያመጣችው ነው» ይሉ ነበር። በርናርድ ሪምላንድ፣ ራሱም ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት፣ በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሞገተ። እናትየዋ አላጠፋችም።

ዘሚ የኑስ ይህን አደባባይ ወጥታ ተናገረች። ኦቲዝም ያለበትን ልጇን የሚቀበል ትምህርት ቤት ብታጣ በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች፤ በ2021 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስም ስለ ኦቲዝም ከመናገር አልቦዘነችም። ከዋና ከተማዋ ርቆ፣ ሰሜን ተራሮች ግርጌ ላለች እናት ግን ማዕከሉ ሩቅ ነው።

ለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት የተንከባካቢዎች ሥልጠና ተስፋ ይሰጣል። በዘጠኝ የቡድን ስብሰባና በሦስት የቤት ጉብኝት የሚሰጥ ሲሆን፣ ልዩ ሐኪም ያልሆነ ባለሙያም ሊመራው ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥም ከአገሩ ሁኔታ ጋር ተስማምቶ ተሞክሯል። ልጁን ከማስተማር ጎን ለጎን የእናትየዋን ደኅንነት ያነሣል፤ እረፍቷ የቅንጦት ሳይሆን የልጁ እንክብካቤ አካል ነው።

ሥልጠናው እስኪደርስ ጎረቤት ብዙ ይችላል። ቡናው እናትና ልጁ ሳይመጡ ተወቅጦ ይቆይ። አንዷ ልጁን ደጅ ይዛ ጠጠር ታስቆጥረው፣ እናቱ እስከ በረካ ትቀመጥ።