የልጆች ማዕዘን በመንዝ ደጋ፦ በቤት በሚገኝ ቁስ የሚሠሩ ጌጦች



የልጆችን ክፍል ስለ ማስዋብ የሚጻፉ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ልጁ የራሱ ክፍል አለው ከሚል ግምት ነው። በመንዝ ደጋ ግን የብዙው ሰው ቤት እንዲህ አይደለም። በድንጋይ የተሠራው ቤት ብዙ ጊዜ አንድ ክፍል ብቻ ስላለው ምድጃው፣ መደቡና የእህሉ ጎታ በአንድ ጣሪያ ሥር ይገኛሉ። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ «የልጅ ክፍል» ስንል በመደቡ ጫፍ ወይም በአንድ ግድግዳ ሥር ያለችውን፣ ልጁ የሚተኛባትንና ደብተሩን የሚያኖርባትን ማዕዘን ማለታችን ነው።

ይህች ማዕዘን ለየቲም ልጅ ትልቅ ቦታ አላት። በሰሜን ሸዋ በ2013 ዓ.ም. አጣዬና አካባቢዋ ሲቃጠሉ፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይም ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሏል። አባቱን በሞት ያጣ ልጅ ወደ አጎቱ ወይም ወደ አያቱ ቤት የሚገባው አንዲት ጥቅል ልብስ ይዞ ነው። በዚያ ቤት መኝታና ምግብ ይሰጠዋል፤ ጥቅሉን ፈትቶ ዕቃውን የሚሰቅልበት ቦታ ግን ብዙ ጊዜ አይታሰብለትም።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ ሊታዩ የሚገባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ የየቲምን ገንዘብ ያለ አግባብ የሚበሉትን በብርቱ ያስጠነቅቃል። የተፍሲር ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ይህንን የሰሙ ሶሓቦች ከፍርሃት የተነሣ የየቲሞቹን ምግብ ከራሳቸው ምግብ እስከ መለየት ደርሰው ነበር፤ ይህም ለሁሉም አስቸጋሪ ሆነ። ከዚህ በኋላ በሱረቱል በቀራ 220ኛ አንቀጽ አብሮ መኖርና መቀላቀል ተፈቀደ፤ የቲሞቹም ወንድሞች መሆናቸው ተነገረ። ከዚህ ለሥራችን የሚሆን መመሪያ እናገኛለን። ለየቲሙ የተሰጠው ክር፣ ጨርቅ ወይም ባና የእርሱ ንብረት መሆኑ ይታወቅ፤ ጌጡ ግን እርሱን ከቤቱ ልጆች የሚለይ ምልክት አይሁን። አራት ልጆች በሚያድሩበት ቤት የአንዱን መኝታ ብቻ ማስጌጥ ያንን ልጅ ከእንግዳ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ሁሉም ልጆች አብረው ይሥሩ፣ ለሁሉም መኝታ ይድረስ፤ ለሌሎቹ የሚውለው ቁስ ግን ከቤቱ ይሁን። ለጋሹም ሲሰጥ የቤቱን ልጆች በሙሉ አስቦ ቢሰጥ ለአሳዳጊው ትልቅ ሸክም ያቀልለታል።

ወደ ሥራው ስንገባ፣ የመንዝ ደጋ በቁስ የታደለ መሆኑን እናያለን። የመንዝ በግ ጠጉር ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡናማና ዳለቻ ነው፤ ያለ ምንም ቀለም እነዚህን አራቱን ብቻ አሰባጥሮ ማራኪ ጌጥ መሥራት ይቻላል። ጠጉሩን ሴቶች ይፈትሉታል፤ ሸማኔዎች ደግሞ የደጋውን ብርድ የሚከላከለውን ባና ይሠሩበታል። ከባናው ሥራ የሚተርፈው ቁርጥራጭ ፈትል ነው ለልጆቹ የሚሆነው።

ያልተፈተለ ጠጉር የተገኘ እንደሆነ መጀመሪያ እሾሁና ጉድፉ ይለቀማል፤ ቀጥሎ ለብ ባለ ውኃ ሳይታሽ ታጥቦ በጥላ ይሰጣል። በሙቅ ውኃና በሳሙና የታሸ ጠጉር እርስ በርሱ ተቆላልፎ ይጠጥራልና ለመፍተል አይሆንም። ይኸው ጠባዩ ግን ለኳስ ሥራ ይጠቅማል። ከእንቁላል ያነሰ የጨርቅ ጥቅል ወስዶ ጠጉሩን በዙሪያው ደራርቦ መጠቅለል፣ እጅ በሚችለው ሙቅ ውኃና በሳሙና እያረጠቡ በመዳፍ መካከል በመጀመሪያ በቀስታ፣ ሲያያዝ ደግሞ ጠበቅ አድርጎ ማንከባለል ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ከተንከባለለ በኋላ ያለ አንዳች ስፌት ጠንካራ ኳስ ይሆናል። ሦስት ወይም አራት ተደርገው በክር ከተሰቀሉ ጌጥ ናቸው፤ ልጆቹ አውርደው ቢጫወቱባቸውም የሚሰበር ነገር የለም።

የተፈተለውን ክር ደግሞ በአራት ጣቶች ላይ ስልሳ ጊዜ ያህል መጠምጠም፣ አውጥቶ ወገቡን በሌላ ክር ጠበቅ አድርጎ ማሰር፣ ከዚያም ሁለቱን ጫፎች በመቀስ ቆርጦ ማስተካከል ድቡልቡል ለስላሳ ጌጥ ያስገኛል። መቀሱን ትልቅ ሰው ከያዘ የስድስት ዓመት ልጅ ሊሠራው ይችላል። እነዚህ በገመድ ላይ ተደርድረው በመኝታው ራስጌ ይዘረጋሉ። ገመዱ ከጓሳ ሣር ቢገመድ ያምራል፤ ነገር ግን የመንዝ ጓሳ ለብዙ መቶ ዓመታት ቄሮ በሚባለው የማኅበረሰቡ ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ፣ ዛሬም በማኅበረሰቡ ደንብ የሚጠበቅ ሥፍራ ስለሆነ፣ ሣሩ በተፈቀደ ጊዜ የታጨደ ወይም ከገበያ የተገዛ ይሁን።

ከሁሉም ይልቅ እንዲሠራ የምንመክረው ግን ባለኪስ የግድግዳ ጨርቅ ነው። ወርዱ 60፣ ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጨርቅ፣ ለምሳሌ ያረጀ ቡልኮ ወይም በሚገባ የታጠበ የዱቄት ከረጢት፣ ጠርዙ ታጥፎ ይሰፋል። የማዳበሪያ ከረጢት መርዛማ ቅሪት ሊኖረው ስለሚችል ከልጅ መኝታ አጠገብ አይቀርብም። በላዩ ላይ ከልብስ ቁራጭ የተዘጋጁ ኪሶች በሦስት በኩላቸው ይሰፋሉ፦ አንዱ ለደብተር፣ አንዱ ለእርሳስ፣ አንዱ ለማበጠሪያና ለመፋቂያ፣ ከላይ ያለው ደግሞ ለቁርኣን መማሪያ መጽሐፉ። የአባቱ ፎቶግራፍ ካለውም በላስቲክ ተጠቅልሎ በአንዱ ኪስ ይቀመጥለት። በላይኛው ጠርዝ ዱላ የሚያስገባ እጥፋት ይተውና ዱላው በሁለት ችንካር ላይ ያርፋል። ጨርቁን በቀጥታ ግድግዳው ላይ መቸንከር ስሕተት ነው፤ በየሳምንቱ ወርዶ ፀሐይ ላይ ካልተራገፈ ከኋላው ትኋን ይራባል፣ የበግ ጠጉር ያለበትንም ብል ይበላዋል።

ስለ ግድግዳው ብዙ የምንለው የለንም። በነጭ አፈር ተለቅልቆ ከታች በቀይ አፈር ጠርዝ ቢደረግለት ይበቃዋል። ጋዜጣ የሚለጥፉ ሰዎች የአላህ ስም ያለበትን ገጽ ለይተው ቢያወጡ መልካም ነው።

አንዳንድ ወላጆች የጨርቅ አሻንጉሊትን ጉዳይ ይጠይቃሉ። ሕይወት ያለውን ነገር ምስል በግድግዳ ላይ መስቀልን ዑለማዎች ይከለክላሉ፤ በሐዲስ እንደተዘገበው እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ሥዕል ያለበት መጋረጃ ሰቅላ ሳለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስላልወደዱት ቆርጣ መደገፊያ ትራስ አድርጋዋለች። ይኸው ዘገባ ለባለሙያ እናቶች ምሳሌ ነው፤ ጨርቁ አልተጣለምና። የልጆችን መጫወቻ በተመለከተ ግን፣ እርሷ ራሷ በልጅነቷ በአሻንጉሊት ትጫወት እንደነበር፣ ከእነዚህም መካከል ከጨርቅ የተሠሩ ክንፎች ያሉት ፈረስ እንደነበረ ተዘግቧል፤ በዚህም መሠረት ብዙ ዑለማዎች የልጆችን አሻንጉሊት ፈቅደዋል። ለግድግዳው ደግሞ ቅጠል፣ ኮከብ፣ ጨረቃ፣ የአማርኛና የአረብኛ ፊደላት ሞልተዋል።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለን። ምድጃና መኝታ በአንድ ክፍል በሆኑበት ቤት ጌጡ ከእሳት፣ ከኩራዝና ከሻማ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይራቅ። የበግ ጠጉር ቶሎ አይቀጣጠልም፤ ጥጥ፣ ሣርና ወረቀት ግን ወዲያው ይነዳሉ፣ ፕላስቲክም እየቀለጠ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ በሚተኛበት ቦታ ቁልፍና ዶቃ አይሰፋ፤ ሊውጠው ይችላልና። ረጅም ገመድም ልጁ እጁን ዘርግቶ በሚደርስበት ቦታ አይንጠልጠል።

ለለጋሾቻችን ደግሞ የምንለው ይህ ነው። ከአዲስ አበባ በካርቶን የሚላክ የፕላስቲክ መጫወቻ ልጁን ለጥቂት ቀናት ያስደስተዋል፤ በዚያው ገንዘብ ከአካባቢው ገበያ ፈትልና ባና ቢገዛ ግን ልጁም ይሞቀዋል፣ ፈታይዋም ትጠቀማለች። በሸሪዓ የቲም የሚባለው አቅመ አዳም ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ እንደመሆኑ ብዙዎቹ እናት አሏቸው፤ ፈታይዋ የልጁ እናት የምትሆንበት ጊዜ አለ። በሚላከው ጨርቅ ላይ የለጋሽ ስምም ሆነ የማኅበር ዓርማ እንዳይታተም አጥብቀን እንለምናለን፤ ልጁ በየምሽቱ ከዓይኑ ፊት ለፊት የሚያየው ግድግዳ ነውና። ርዳታው ከመስከረም ሳያልፍ ቢደርስ ይመረጣል፤ የመንዝ ውርጭ በጥቅምትና በኅዳር ይበረታል፣ ባናም በአንድ ሳምንት ተፈትሎ የሚያልቅ አይደለም።