ባዶ ቀለህ ዋጋ በነበረው ጊዜ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የኬሚስትሪ ጥያቄ ይዞልኝ የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው፤ ከሚመጣው ግን ግማሹ ስለ ጥይት ሆኗል። ጣጣውን ያመጣው ስልክ ነው። ሚኒሶታ የሄዱት የነቀምትና የዲጋ ልጆች ቪዲዮ ይልካሉ፤ አንድ ፈረንጅ ጋራዡ ውስጥ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ እጀታ ወደ ታች ይጫናል፣ ባዶ ቀለህ ይገባል፣ ሙሉ የሽጉጥ ጥይት ሆኖ ይወጣል። “ቲቸር፣ ሰውየው አይታሰርም እንዴ?” አለችኝ የጎረቤቴ ልጅ።

አይታሰርም። እዚያ አገር ባዶ ቀለህ እቤት መልሶ መሙላት የዒላማ ተኳሾችና የአዳኞች የቆየ ልማድ ነው። ዕቃው በሱቅ ይሸጣል፤ ልኩም በታተመ መጽሐፍ ይወጣል። እኛ ጋ ይህን ያደረገ ግን ይታሰራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ጥይትንም ከመሣሪያው ጋር ይቆጣጠራል፤ ያለ ፈቃድ መሥራት ክልክል ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የአሠራር መመሪያ አይደለም። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ቀለህ መሙላት በአያቶቻችን ዘመን ለዚህ አገር እንግዳ አልነበረም። ያስቀረውም አዋጁ አይደለም፤ አዋጁ ከመምጣቱ ብዙ ቀደም ብሎ ኬሚስትሪው አስቀርቶት ነበር።

ጥይት የምንለው አራት ነገር ነው፦ ቀለህ፣ ካፕሱል፣ ባሩድና እርሳስ። ምላጩ ሲሳብ መርፌው በቀለሁ ግርጌ ያለችውን ካፕሱል ይመታል። ካፕሱሏ ውስጥ የተቀባው ቅመም ምት አይችልም፤ ብልጭ ይላል። ብልጭታው በቀጭን ቀዳዳ ገብቶ ባሩዱን ያቀጣጥላል፤ ባሩዱ ወደ ጋዝ ተለውጦ እርሳሱን በአፈሙዙ ይገፋዋል። ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚዘነጉት የቀለሁን ሥራ ነው። ቀለህ ዕቃ መያዣ ብቻ ይመስላቸዋል። ናስ ግን የተለየ ጠባይ አለው፤ ጋዙ ሲጫነው ተለጥጦ ከጠመንጃው ግድግዳ ጋር ይጣበቅና እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ ይዘጋል፤ ግፊቱ ሲያልፍ መለስ ብሎ ይላቀቃል። ደጋግሞ መሙላት የሚቻለውም ለዚህ ነው። የናስ ቀለህ ውሎ አድሮ አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል እንጂ በአንድ ተኩስ አያልቅም።

የፈረንጁ ጠረጴዛ ላይ ያለው ችግር እነዚህን አራቱን ማስማማት ነው፤ ሽጉጥ ደግሞ ከጠመንጃ ይልቅ አስቸጋሪ የሆነበት ምክንያት አለው። የሽጉጥ አፈሙዝ አጭር ነው። እርሳሱ ወዲያው ስለሚወጣ ባሩዱ ቶሎ ተቃጥሎ ማለቅ አለበት፤ ለጠመንጃ የተሠራ ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ ሽጉጥ ውስጥ ቢገባ ሳይቃጠል ከአፈሙዙ ውጭ ይበተናል። ፈጣን ባሩድ ደግሞ ጥቂቱ ይበቃል፤ ቀለሁ ውስጥ ታች ተኝቶ ባዶ ቦታ ይተርፋል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። 38 ስፔሻል የሚባለው የሪቮልቨር ሽጉጥ ጥይት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲወጣ ቀለሁ የተለካው ብዙ ቦታ ለሚይዘው ለጥቁር ባሩድ ነበር። ዛሬ በፈጣን ባሩድ የሚሞላ ሰው ሐሳቡ ለአፍታ ቢሰረቅና እዚያው ቀለህ ላይ ደግሞ ቢጨምር ቀለሁ አይፈስም፤ ዓይን አያየውም፤ ሽጉጡ ግን እጁ ላይ ይፈነዳል። ጠንቃቃ ሰው ባሩድ ሲመርጥ ዋጋውን አስቀድሞ አይጠይቅም፤ ሁለት ጊዜ ቢጨመር ከቀለሁ አፍ የሚገነፍለውን ይፈልጋል። ከሰማኋቸው የጋራዥ ብልሃቶች ሁሉ ይህኛውን ነው የወደድኩት፤ ስህተቱን ዓይን እንዲያየው አድርጎ መምረጥ።

የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ችግር ተቃራኒ ነው፤ ቀለሁ ጠባብ ነው። እርሳሱ ከልኩ ትንሽ ጠለቅ ብሎ ቢገባ የጋዙ ቦታ ያንሳል፣ ግፊቱም በኃይል ይጨምራል። ካፕሱልም ቢሆን የሽጉጡና የጠመንጃው አንድ አይደለም፤ የሽጉጥ መርፌ ምቱ ቀለል ስለሚል የካፕሱሉ ቆርቆሮ ይሳሳል። እርሳሱ ልብስ የሌለው ከሆነ በፍጥነት ሲሮጥ አፈሙዙ ውስጥ ይለጠፋል፤ መዳብ የሚያለብሱት ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ።

ወለጋ የጥይት ዋጋ ከከፈሉት አገሮች አንዱ ነው። በ1874 ዓ.ም. ምኒልክ እምባቦ ላይ፣ እዚሁ ሆሮ ጉዱሩ ውስጥ፣ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ካደረጉ በኋላ ምዕራቡ ወደ ሸዋ ዞረ፤ የሌቃ ነቀምቱ ሞረዳ በከሬም በራስ ጎበና በኩል ገቡ። ከዚያ ወዲህ የወለጋ ወርቅና የዝሆን ጥርስ በግብር ወደ ሸዋ ይጫን ነበር፤ ሸዋ ደግሞ ከባሕር በኩል ጠመንጃ ይገዛበታል። ነቀምት የሚገኘውን የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት የሚጎበኝ ሰው ግንቡን አይቶ ይመለሳል፤ እኔ እዚያ ስገባ የማስበው በዚያ በር የወጣው ወርቅ ስንት ሣጥን ጥይት ሆኖ እንደተመለሰ ነው። ጣሊያን ራሷም አቀባይ ነበረች። ምኒልክ የውጫሌን ውል ባፈረሱበት በ1885 ዓ.ም. እንኳ ልባቸውን ለማራራት 2 ሚሊዮን ጥይት አስረክባቸዋለች። ከሦስት ዓመት በኋላ አድዋ ሆነ።

በብዛት የገባው የፈረንሳዩ ግራ፣ የእኛ ውጅግራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ፣ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጎራሽ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ለበልን ስታወጣ ውጅግራ አሮጌ ሆነና በጅቡቲ በኩል ወደ እኛ ፈሰሰ። ጥይቱ ከጠመንጃው አልፎ ገንዘብም ሆነ፤ ገበያ ላይ ለማርያ ትሬዛ ብር መልስ ሲታጣ የውጅግራ ጥይት ይቆጠር ነበር። ባዶው ቀለህም አይጣልም ነበር።

የአያቴ፣ እኛ አኮ የምንላት፣ የኩል ዕቃ የውጅግራ ቀለህ ነው። አሁን እኔ ጋ ነው ያለው። ቁመቱ ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከላይ እንደ ጠርሙስ አንገት ጠበብ ይላል። አፉ ላይ የእንጨት ውታፍ አለ፤ ከውታፉ ሥር መኳያው ተተክሏል። በእጅ ብዛት ናሱ ጎኑ ላይ ወርቅ መስሏል፣ አንገቱ ሥር ግን እሳት የበላው ጥቁረት አልለቀቀም። ገልበጥ አድርጎ ግርጌውን ያየ ሰው ዋናውን ነገር ያያል፤ ካፕሱሉ ዛሬም ቦታው ላይ ነው፣ መሃሉ ላይም የመርፌው ምት ሰርጉዷል። ከመጨረሻው ተኩስ በኋላ አዲስ ካፕሱል አላገኘም ማለት ነው። ቢያገኝ ኖሮ የኩል ዕቃ አይሆንም ነበር።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። የውጅግራ ቀለህ ሲሞላ ከአራቱ ሦስቱ እዚሁ ይገኙ ነበር። ናሱ ራሱ ቀለሁ ነው። እርሳስ ዝቅተኛ ሙቀት ላይ ስለሚቀልጥ ማንም ቀጥቃጭ በቅርጽ ያፈስሰዋል። ጥቁር ባሩድ ድኝ፣ ከሰልና ባሩድ ጨው ነው፤ ሦስቱም ከዚህ አገር አፈርና ዛፍ ይወጣሉ፣ አሠራሩም ከምኒልክ በፊት የታወቀ ነበር። ጢሱ ይበዛል፣ አፈሙዝ ያቆሽሻል፣ ግን ግፊቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ የእጅ ሥራ መዛባትን ይታገሣል። ካፕሱሉ ብቻ አልተቻለም። የዚያን ጊዜ ቅመሙ የሜርኩሪ ፉልሚኔት ነበር፤ ሜርኩሪና ጠንካራ አሲድ ይፈልጋል፣ የሚሠራውንም ሰው በገዛ ጠረጴዛው ላይ ይገድላል። ስለዚህ ያቺ የምስር ፍሬ የምታህል ቆርቆሮ ከባሕር ማዶ መምጣት ነበረባት። ካልመጣች ሦስቱ ከንቱ ናቸው።

ቀጥሎ ሁለተኛው በር ተዘጋ። ፖል ቪዬይ የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1884 ጢስ አልባ ባሩድ ሠራ። ለበል የወጣው በእሱ ነው፤ ከዚያም ዓለም ሁሉ ተከተለ። ጢስ አልባ ባሩድ ጥጥን በናይትሪክና በሰልፈሪክ አሲድ አክሞ የሚገኝ የፋብሪካ ልጅ ነው። ቀጥቃጭ አይሠራውም፣ ከሰልና ድኝም አይተኩትም። ግፊቱም ከፍተኛ ስለሆነ ጉድለትን አይምርም። አዲሱን ጠመንጃ የገዛ ሁሉ ጥይቱን ከሻጩ እጅ መለመን ግዴታው ሆነ።

የዚህን ዕዳ ወለጋ በ1928 ዓ.ም. አየችው። ጦርነቱ ሲመጣ እንግሊዝና ፈረንሳይ መሣሪያ እንዳይሸጥ ማገዳቸው ሁለቱንም ወገን እኩል የሚከለክል መስሎ ነበር፤ ጣሊያን ግን ጥይቷን ራሷ ትሠራለች። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ የሆለታ ገነት ዕጩ መኮንኖችና ምሁራን ነቀምት ላይ የጥቁር አንበሳን ማኅበር አቋቋሙ፤ ሊቀመንበሩ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። በሰኔ ወር ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች ነቀምት አጠገብ ቦናያ ላይ ሲያርፉ ልጆቹ በሌሊት ደርሰው አቃጠሏቸው፤ ጄኔራል ማሊዮኮም እዚያው ሞተ። ያ ታሪክ በየዓመቱ ይነገራል፣ መነገርም ይገባዋል። የማይነገረው ቀጥሎ ያለው ነው። መሪያቸውን ራስ እምሩን ይዘው በዝናብ ወደ ደቡብ ሲጓዙ አንዴ የተተኮሰ ጥይት የሚተካበት መንገድ አልነበራቸውም። ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበው እጅ ሰጡ። ያኔ ሜዳ ላይ የቀረውን ቀለህ ማንም ቀጥቃጭ ሊሞላው አይችልም ነበር።

መንግሥት በኋላ የራሱን የጥይት ፋብሪካ ማቋቋሙ ከዚህ ትዝታ የተለየ ነው ብዬ አላምንም። ከነቀምት አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ጉደር አካባቢ የሚያልፈው ሆሚቾ የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው።

ዛሬ በሰርግና በለቅሶ ላይ ሲተኮስ ልጆች የሚለቅሙት ቀለህ አብዛኛው የክላሽንኮቭ ነው፤ ብዙው ቀለም የተቀባ ብረት ነው፣ ናስ አይደለም። የካፕሱሉ አገጣጠምም በርዳን የሚባለው ዓይነት ነው፤ የእሳቱ ቀዳዳ መሃል ላይ ስላልሆነ አሮጌውን ካፕሱል በቀላል መርፌ ገፍቶ ማውጣት አይቻልም። የአሜሪካው ጋራዥ የሚሠራው በቦክሰር ቀለህ ነው፤ ቀዳዳው አንድ፣ መሃል ላይ። የሚያስቀው ግን በርዳን አሜሪካዊ፣ ቦክሰር እንግሊዛዊ መሆናቸው ነው፤ አገሮቻቸው ተለዋወጧቸው።

ለቆራሌውና ለቀጥቃጩ ግን የምለው አለኝ፤ ነቀምት ውስጥ የናስ ቀለህ በኪሎ ሲመዘን አይቻለሁና። እርሳሱ የወጣለት ቀለህ ሁሉ ባዶ አይደለም። ግርጌው ላይ የመርፌ ምት ከሌለ ካፕሱሉ ሕያው ነው፤ እሳት ላይ ሲወድቅ ይፈነዳል፣ ቆርቆሮውም ዓይን ያወጣል። ምት ኖሮበት እርሳሱ ካፉ ያልወጣ ደግሞ የከሸፈ ጥይት ነው፤ እሱ ከሁሉ የከፋ ነው፣ ተመታ ብሎ ሰው ይንቀዋልና። እንዲህ ያለውን ከሚዛኑ ላይ አይደባልቁት፣ በመዶሻም አይንኩት፤ ከሰውና ከእሳት አርቀው ለፖሊስ ይንገሩ። ልጆች ከሜዳ ለቅመው ሲያመጡም ብር ሰጥቶ መግዛት ነገ ተጨማሪ እንዲለቅሙ መላክ ነው።