በመኪና ሰሌዳ ላይ ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት ምክንያቱና መድኃኒቱ

በደቡብ ሱዳን ርእሰ ከተማ በጁባ፣ ኮሎሎ በሚባለው ሠፈርም ሆነ በኮንዮ ኮንዮ ገበያ ከሚሸጠው አትክልትና እህል ብዙው ከኡጋንዳ በኒሙሌ በኩል በመኪና ተጭኖ የሚገባ ነው። ከኒሙሌ እስከ ጁባ ያለው መንገድ 192 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ዓ. ም. አስፋልት ለብሶ ተመርቋል። በዚህ መንገድ ላይ ቲማቲም የጫነ መኪና በሌሊት መብራቱ ጠፍቶ ቢቆም፣ ነጂው ለአደጋ ይጋለጣል፤ ጭነቱም በማግሥቱ ሙቀት ይበላሻል፤ የገበሬው ድካምና የነጋዴው ገንዘብ በአንድነት ይጠፋል።

እንዲህ ያለው ችግር ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል። ምልክቱም በነጂው ፊት ባለው ሰሌዳ፣ ማለት በዳሽቦርዱ ላይ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱ ነው። አንዳንዱ ነጂ ይህን አይቶ ዝም ይላል፤ ሌላው ደግሞ ሳይመረምር አዲስ ባትሪ ይገዛል። ሁለቱም አይበጅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው ሁሉ፣ በሽታውን ያላወቀም መድኃኒቱን በከንቱ ይገዛል።

የኤሌክትሪኩ አካሄድ እንደሚከተለው ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ኀይል የሚሰጠው ባትሪው ነው። ሞተሩ ሲነሣ ግን ዲናሞው በቺንጋ እየተሽከረከረ ለመብራቱ ኀይል ይሰጣል፤ ባትሪውንም ይሞላል። ኀይሉ በሽቦ ይሄድና በመኪናው ብረት፣ ማለት በማሳው፣ ወደ ባትሪው ይመለሳል። በዚህ ዙሪያ አንድ መጋጠሚያ ከላላ ወይም ከዛገ፣ ኀይሉ ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት ምስክር እንጂ ብዙውን ጊዜ ራሱ ጥፋተኛ አይደለም።

ምክንያቱን ለማወቅ፣ መብራቱ መቼ እንደሚርገበገብ ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

1ኛ፤ መኪናው በጐድጓዳ መንገድ ሲንገጫገጭ ብቻ ከሆነ፣ የላላ ሽቦ ወይም የባትሪ ማሰሪያ አለ ማለት ነው።

2ኛ፤ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የሚለዋወጥ ከሆነና የፊት መብራቶችም አብረው የሚደክሙ ከሆነ፣ ቺንጋውን ወይም ዲናሞውን መመርመር ይገባል።

3ኛ፤ ፍሬን ሲያዝ ወይም ፍሬቻ ሲበራ ከሆነ፣ ማሳው በደንብ አለመያዙን መጠርጠር ነው።

4ኛ፤ የፊት መብራቶቹ ደኅና ሆነው ሰሌዳው ብቻ ከሆነ፣ ችግሩ በሰሌዳው በራሱ ነው። የሰሌዳውን ብርሃን መቀነሻ ቁልፍ ወዲያና ወዲህ ሲያዞሩት መርገብገቡ ከተለወጠ፣ ጥፋቱ ምናልባት በእርሱ ላይ ነው።

ጥገናው ቀላል ከሆነው መጀመር አለበት። ሞተሩን አጥፍቶ፣ መጀመሪያ የኔጋቲቩን ማሰሪያ፣ ቀጥሎ የፖዘቲቩን መፍታት ነው። በላያቸው የተጋገረውን ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝቃጭ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ አጥቦ ማድረቅ ይገባል፤ አሲድ ስላለበት እጅንና ዐይንን መጠበቅ ግድ ነው። ሲታሰር ኔጋቲቩ የመጨረሻ ይሆናል። ከባትሪው ወደ ሞተሩና ወደ አካሉ የሚሄደው የማሳ ሽቦም ተፈትቶ፣ የሚያርፍበት ብረት እስኪያበራ ድረስ ተፍቆ፣ ጠብቆ ይታሰር። ቺንጋው የተሰነጠቀ ከሆነ ይለወጥ፤ የላላም እንደ ሆነ ይጥበቅ።

የቮልት መለኪያ ያለው ሰው ደግሞ በግምት አይሠራም። ደኅና የሆነ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። ሞተሩ ሲሠራ በብዙዎቹ መኪኖች ከ13.5 እስከ 14.7 ቮልት መድረስ አለበት። ከዚያ ካነሰ ዲናሞው አይሞላም፤ ከ15 ካለፈ ግን መቈጣጠሪያው ተበላሽቶ ባትሪውንና አምፑሎቹን ሊያቃጥል ነው። ባለ 24 ቮልት ካሚዮን ከሆነ ቍጥሩን በ2 ማባዛት ነው። ጁባን በመሰለ ሞቃት አገር ባትሪ ቶሎ ስለሚያረጅ፣ ምርመራው ቶሎ ቶሎ ቢደረግ ይመረጣል።

ከሁለት ክፉ ልማዶች መጠንቀቅ ያሻል። የመጀመሪያው፣ ዲናሞው መሥራቱን ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ማሰሪያ መንቀል ነው። ይህ ልማድ ከድሮው ዲናሞ ዘመን የቀረ ነው። ክራይስለር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1960 ዓ. ም. በቫሊያንት መኪናው ላይ ካስገባው ወዲህ፣ አልተርኔተር የሚባለው ዐይነት በየመኪናው ተስፋፍቷል፤ ጋራዦቻችን ግን ይህንንም ዲናሞ ይሉታል። በዚህኛው ላይ ማሰሪያው ሲነቀል ኀይሉ በድንገት ስለሚዘል፣ በውስጡ ያሉትን ዳዮዶችና የመኪናውን ኮምፒውተር ያቃጥላል። ጥቂት ገንዘብ የሚፈጀውን ጥገና ወደ ትልቅ ኪሳራ የሚለውጠው ይህ ነው። ሁለተኛው፣ በተቃጠለ ፊውዝ ፈንታ ሽቦ መጠምዘዝ ነው። ፊውዝ የሚቃጠለው መኪናው እንዳይቃጠል ነውና፣ በእርሱ ፈንታ ሽቦ የሚያስገባ ሰው ዘበኛውን አባርሮ በሩን ለሌባ እንደ ከፈተ ይቈጠራል።

እነዚህ ሁሉ ታይተው መርገብገቡ ካልቆመ፣ መኪናውን ወደ ታወቀ የኤሌክትሪክ ባለሙያ መውሰድ ነው። ይህ ምክር ለነጋዴው መኪና ብቻ ሳይሆን ለመሥሪያ ቤት መኪናና ለእርሻ ትራክተርም ይሠራል። መኪና በኀላፊነታቸው ሥር ያለ ሹማምንት፣ ዘይት በተለወጠ ቍጥር ባትሪው፣ ማሳውና ቺንጋው እንዲታይ ቢያዝዙ መልካም ነው። ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ሥራ፣ አንድ ካሚዮን ሙሉ አትክልት በመንገድ ከመበስበስ ያድናል።