ባሕር ዳር የምትጠጣው ከእግሯ ሥር ነው

የባሕር ዳር የቧንቧ ውኃ ከጣና አይቀዳም። ከተማዋ ሐይቁን ተንተርሳ ዓባይን ከደጃፏ ትሸኛለች፤ ለረጅም ዘመን የጠጣችው ግን አረቄና ሎሚ የሚባሉትን ምንጮች፣ ከዚያም ከጥልቅ ጉድጓድ የሚሳበውን የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ክሎሪን ተጨምሮበት ወደየሰፈሩ ይሠራጫል። የምንጠጣውና የምንደፋው አንድ ምድር እንደሚጋሩ ለመረዳት መነሻው ይህ ነው።

ምድሩ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት ነው። በየቦታው ስለተሰነጣጠቀ የክረምቱን ዝናብ ፈጥኖ ያሰርጋል፤ ምንጮቹም የሚፈልቁት በዚሁ ምክንያት ነው። ስንጥቁ ግን ዝናብን ከሽንት ቤት ፍሳሽ አይለይም። ባሕር ዳር ያደገችው ሁሉንም ሰፈር የሚያዳርስ የፍሳሽ መስመር ሳይዘረጋላት ስለሆነ፣ የአብዛኛው ቤት መጸዳጃ ወይ ጉድጓድ ወይ ሴፕቲክ ታንክ ነው። እንዲህ ያለ ጉርብትና የሚያስከትለውን ለንደን አይታዋለች፦ እ.ኤ.አ. በ1854 ብሮድ ስትሪት በሚባል ጎዳና አካባቢ ኮሌራ ከ600 በላይ ሰው ሲፈጅ፣ ሐኪሙ ጆን ስኖው ጥፋቱ ከሰፈሩ የውኃ ፓምፕ መሆኑን ተናገረ። ኋላ ሲቆፈር፣ ከውኃው ጉድጓድ አንድ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ያረጀ የፍሳሽ ጉድጓድ ተገኘ።

የመጠጥ ውኃና ፍሳሽ የሚገናኙት ከመሬት በታች ብቻ አይደለም። በከተሞቻችን ቦይ ውስጥ ተዘርግቶ ወይም ቦዩን አቋርጦ የሚያልፍ የውኃ ቧንቧ ብርቅ አይደለም። ቧንቧው ሞልቶ ግፊት ሲኖረው፣ ቢሰነጠቅም ውኃው ወደ ውጭ ይፈሳል፤ ጉዳቱ ብክነት ነው። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም ወይም የሰፈሩ ፈረቃ ሲያልፍ ግን ግፊቱ ይወርድና የቦዩ ውኃ በዚያው ስንጥቅ ወደ ውስጥ ይገባል። ውኃ ሲመጣ እናቶች የመጀመሪያውን ድፍርስ አፍስሰው ጀሪካኑን የሚደቅኑት ያለ ነገር አይደለም። ለፓምፕ ጣቢያ ጀነሬተር መግዛት እንግዲህ የጤና ወጪም ነው፤ በበጀት ስብሰባ ላይ ግን እንዲህ ሲባል እምብዛም አይሰማም።

የቦዩ ነገር ደግሞ ከመልክዓ ምድሩ ይጀምራል። ከተማዋ ሜዳ ናት። ዝናቧ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ተዳፋት የሌለው ቦይ ግን ደለሉን በራሱ ጉልበት አይጠርግም፤ ፌስታል ሲጨመርበት ጭራሹን ይደፈናል። ጣና ከፍ የሚለው በክረምቱ መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ወደ ሐይቁ የሚወርዱት ቦዮች ያለቻቸውን ጥቂት ቁልቁለት የሚያጡት ልክ ምድሩ ውኃ ጠግቦ ባለበት ሰሞን ነው። ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የሐይቁ ከፍታ የዝናብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የዓባይን መውጫ የጨረጨራ ግድብ መዝጊያዎች ይቆጣጠሩታል፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም በበኩሉ ከሐይቁ ውኃ ይወስዳል። ስለዚህ የቦይ መሐንዲስ ከመዝጊያዎቹና ከማመንጫው ሰዎች ጋር ሊነጋገር ይገባል።

በሐይቁ ዳር የሚበቅለው ደንገል ጎርፉን አዘግይቶ ደለሉን ያስቀራል፤ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ማጣሪያ ነው። ረግረጉን ለእርሻና ለግንባታ ስናደርቅ ያንን ሥራ በገንዘብ ልንተካው እንገደዳለን።

ገንዘብ ከተገኘ እኔ የማስቀድመው አዲስ ጉድጓድ ቁፋሮን አይደለም። በምንጮቹ ዙሪያ ቤት እንዳይሠራ መከለልና የፍሳሽ መምጠጫ መኪና የጫነውን የሚያራግፍበት ማጣሪያ መሥራት ይቀድማል፤ ከቦይ ውስጥ ቧንቧ ማውጣትም እንዲሁ።